የታጠፈችው ጣቴና የለይላ ቦርሳ

መጀመሪያ የደነዘዘችው የግራ እጄ ትንሿ ጣት ናት። ዳንቴል የሚሠራ ሰው ክሩ እንዳይላላበት በዚያች ጣት ላይ ይጠመጥመዋል፤ ጫፉ መንጠቆ የሆነው ኪሮሽ በቀኝ እጅ፣ ክሩ በግራ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው እንደዚያው ነበር። አንድ ቀን የቴሌቪዥን ልብስ ስሠራ ውዬ ክሩን ስፈታው ጣቴ ላይ ቀይ መስመር አየሁ። ክሩ ቆርጦኛል። ደም አለው። አልተሰማኝም።

ያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን መግባት የጀመረበት ዘመን ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ እኔ፣ እናቴና ታናሽ እኅቴ ለይላ ነበርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በአጥሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ዳንቴሌን እሠራለሁ። የቆረጠኝን ጣት ሳሳያቸው ማንም አልደነገጠም፤ የሁሉም ጣት ላይ የክር ምልክት አለ። ክሩን አጥብቀሽ ስለምትይዢው ነው የደነዘዘሽ አሉኝ። አንዷማ ሥራዬ የማይላላው ለዚህ ነው ብላ አሞገሰችኝ። ይህን ስሕተት የሚሳሳተው ዳንቴል ሠሪ ብቻ ነው። ገበሬ ቢሆን ወይም ሹፌር፣ ጣቱ ያለ ምክንያት ሲደነዝዝበት ይፈራና ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኛ ግን ምክንያት ነበረን፤ ክሩ።

በዚያው በግራ ክንዴ ላይ ከቆዳዬ ነጣ ያለ ምልክት ነበረኝ። አያሳክክም፣ አያምም። ቋቁቻ ነው ብዬ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩና ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ አይቶ ዊትፊልድ የሚባለውን ቅባት ሰጠኝ። ቀባሁት፤ አልጠፋም። ከወራት በኋላ ስለ ጣቴ ልጠይቀው እዚያው ተመለስኩ። ቢ ኮምፕሌክስ ጻፈልኝና ዳንቴሉን ተዪው አለኝ። ያው ሰውዬ ነው፣ ያው ክንድ ነው። እጁን ዘርግቶ ቢነካኝ፣ ምልክቱ ላይ ይሰማሻል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ይህን ጽሑፍ ዛሬ ላልጽፈው እችል ነበር። አልነካኝም። ዓመታት አልፈውም ይህን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዳንቴሉን ተውኩት። እናቴ ጭራሽ ኪሮሼን ወስዳ ደበቀችብኝ። ጣቴ ግን አልተመለሰችም። ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ ተከተለቻት። ከዚያ አንድ ቀን የጋለ ጀበና በግራ እጄ ያዝኩ። ጎረቤቴ ጮኸች። ቆዳዬ ሲሸት ነው ያወቅሁት።

ለቃጠሎው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስሉን ያጠበልኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ይበልጣል የሚባል ነርስ ነው። ሲቃጠል አላመመሽም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላመመኝም አልኩት። እጁ ቆመ። ጥጥ አሹሎ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ አለኝ። ትከሻዬን አሳየሁት። ክንዴን አሳየሁት። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ነጣ ያለው ምልክት ላይ ነው። ከክርኔ ጀርባ ያለውን ነርቭ ዳሰሰ፤ እንደ ገመድ ወፍሯል። ጀርባዬን ሲያየው እኔ የማላውቃቸው ሌሎች ምልክቶች ነበሩ።

"መምህርት፣ ይሄ ሥጋ ደዌ ነው" አለኝ። "ይድናል። መድኃኒቱ በነጻ ነው። ግን ዘግይተሻል።"

የመጀመሪያውን ቃል ሰምቼ አልወደቅሁም። ያስለቀሰኝ የመጨረሻው ነው። እኔ መች ዘገየሁ? ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ዘገየች መባል ያለባት እኔ አይደለሁም። ይህን ስነግረው ይበልጣል አልተከራከረኝም፤ እውነትሽን ነው ብሎ የመጀመሪያውን እሽግ ከፈተና ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የሚባሉትን እዚያው ፊቱ አስዋጠኝ። መድኃኒቱ ለዐሥራ ሁለት ወር እንደሆነ፣ ሽንቴ ቢቀላ እንዳልደነግጥ፣ ቆዳዬ ቢጠቁርም እንደሚመለስ፣ ከጀመርኩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለማንም እንደማላስተላልፍ ነገረኝ። ስወጣ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰበኝ፤ አብረውኝ የሚኖሩት ሰዎች በሙሉ መጥተው መታየት አለባቸው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይህ ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አለችኝ። ለይላ ታጭታ ነበር። ሁሴን የሚባል፣ ጎብዬ ላይ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ልጅ ነው። ማሽላው ሲሰበሰብ ኒካ ሊታሰር ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። ይበልጣል ሁላችሁም ኑ ብሏል ስላት፣ "ኒካው ይለፍ" አለችኝ። "ኒካው ይለፍና እንኳን ጤና ጣቢያ መካም ቢሆን እንሄዳለን።" ከዚያ በኋላ በጠየቅኋት ቁጥር መልሷ ይኸው ሆነ። ለይላን ለብቻዋ ስጠይቃት ደግሞ እኔ ምንም የለብኝም፣ እማን አታስጨንቂያት ትለኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ። እናቴም ይህን ተረት ታውቀዋለች፤ ለሰው ስትመክርበት ሰምቻታለሁ።

በሦስተኛው ወር ገደማ ነገሩ ባሰ። ምልክቶቹ ቀልተው አበጡ። ክርኔ እንደ እሳት ነደደ። ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ጣቶቼ ታጠፉ። ልዘረጋቸው ሞከርኩ። እምቢ አሉ።

እናቴ መድኃኒቱ ነው የገደለሽ፣ ተዪው አለች። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የምታነቡ ታማሚዎች ይህችን ቦታ ልብ በሉልኝ። እኔ እያለቀስኩ ይበልጣል ዘንድ ሄድኩ።

"ይሄ ሪአክሽን ይባላል" አለኝ። "ሰውነትሽ በሞተው ተሕዋስ ላይ እየተቆጣ ነው። መድኃኒቱን ብታቆሚ እጅሽን ታጪያለሽ።"

በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሀል ሳቄ መጣ። ቢያንስ ከእኛ ቤት አንድ የሚቆጣ ተገኘ አልኩት። ፕሬድኒሶሎን ጨመረልኝ፤ በብዙ ፍሬ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ለወራት የሚወሰድ ነው። በራስ ፈቃድ መጀመርም ማቆምም አይቻልም። ፊቴ አበጠ፣ ቆዳዬ ጠቆረ። ገበያ ላይ ያገኙኝ ሰዎች ወፈርሽ፣ ተመቸሽ እያሉ ደመወዝ የተጨመረልኝ አስመሰሉት። እናቴ ግን በየማታው እጄን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ፣ ቅባት ቀብታ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በመዳፏ እያቀናች ትቀመጥ ነበር። ዱዓዋን እያነበበች፣ "አብሽሪ ልጄ" እያለች። እንዲህ የምትሳሳልኝ ሴት ናት ሌላዋን ልጇን ከሐኪም የደበቀቻት። ክፉ ብትሆንማ ኖሮ ቁጣዬ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

ሕመሙ በረድ ሲል ይበልጣል እጄን እየዘረጋና እያጠፈ ሲያየኝ ቆየና ምን ዓይነት የእጅ ሥራ እንደምችል ጠየቀኝ። ዳንቴል አልኩት፣ ግን ተከልክያለሁ። ማን ከለከለሽ ብሎ ተገረመ። ጣቶቼ የሚፈልጉት እንቅስቃሴ እንደሆነ፣ ግን ክሩን ከእንግዲህ በደነዘዘችው ትንሿ ጣት ላይ እንዳልጠመጥም፣ በሌባ ጣቴ ላይ እንዳደርገው፣ ትልቅ ነገር ትቼ በትንሽ እንድጀምር ነገረኝ። "ዓይንሽ ጣትሽ ይሁን" አለኝ። የማይሰማኝን ቦታ በዓይኔ እንድጠብቀው ማለቱ ነው። ኪሮሼን ከእናቴ ሣጥን አወጣሁትና ለለይላ የሰርግ ቦርሳ ልሠራ ወሰንኩ። ለሙሽራ የምትበቃ፣ አፏ በክር የሚሳብ፣ በክንድ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ፤ አረንጓዴ ሆና ጠርዟ ላይ ወርቃማ ክር የገባባት።

ያቺን ቦርሳ የሠራኋት በእልህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ሥራ እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ፤ ሌባ ጣቴ ክሩን መያዝ አታውቅም፣ አንዴ ታላላለች፣ አንዴ ታጠብቃለች፣ የቦርሳዋም ታች ጠፍጣፋ ክብ መሆን ሲገባው እንደ ቆብ እየጎበጠ መልሼ መላልሼ ፈታሁት። በየዙሩ እያቆምኩ የእጄን ቆዳ እመረምራለሁ። ቀይ መስመር ካየሁ ለዚያን ቀን በቃኝ ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ቀስ በቀስ ግን ሥራው ይሰምርልኝ ጀመር፤ የቀለበት ጣቴ ከቀድሞው ቀና አለች፣ ብርጭቆ መያዝ ቻልኩ፣ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቻልኩ። ትንሿ ጣት ብቻ እንደታጠፈች ቀረች።

ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ የማንጠልጠያው ክር ብቻ ቀረኝ። ልኩን ለማየት ለይላን እጅጌሽን ሰብስቢ አልኳትና ክሩን በክንዷ ላይ አዞርኩት። ከክርኗ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ነጣ ያለ ምልክት አለ። የሃምሳ ሳንቲም ያህል ነው። ምንድነው ስላት ቋቁቻ ነው፣ ቅባት እየቀባሁት ነው አለች። ቅባቱ የኔ ነበር። ያ ዊትፊልድ።

ወደ ግድግዳው ዙሪ አልኳት። በክሩ ጫፍ ደህናውን ቆዳዋን ነካሁት።

"እዚህ" አለች እየሳቀች።

ሌላ ቦታ ነካሁ። "እዚህም።"

ምልክቱን ነካሁት። ጠበቅሁ። እንደገና ነካሁት።

"ቀጥዪ እንጂ እታለም" አለችኝ።

ነክቼሻለሁ አልኳት። ዞራ የክሩ ጫፍ የት እንዳረፈ አየች። ሳቋ ጠፋ። ለረጅም ጊዜ የኔን እጅ ስታይ ቆየች፣ የታጠፈችዋን ጣት። ነገ እንሄዳለን አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

በማግሥቱ ልንወጣ ስንል እናቴ በር ላይ ቆመች። በእኛ ሰፈር ሰርጓ የደረሰ ልጃገረድ በየመንገዱ አትታይም፤ ቤት ትቀመጣለች፣ ሒና ትቀባለች፣ ሰው እሷ ዘንድ ይመጣል እንጂ እሷ ሰው ዘንድ አትሄድም። እናቴ ይህን ልማድ ጋሻ አደረገችው። ሙሽራ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ከታየች ምን ይባላል አለች። ለይላ ነፍሰ ጡር ናት ይባል ይሆናል፤ ከዚህም የከፋ ይባል ይሆናል። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን ተናገረች።

"የአንቺው ይበቃኛል ሰዓዳ። እሷን አታበላሺብኝ።"

በሕይወቴ እናቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። የታጠፈችውን ጣቴን ፊቷ ላይ ይዤ፣ "ያበላሸኝ በሽታው አይደለም፣ መዘግየቱ ነው" አልኳት። "የእሷም ከታጠፈ በወርቅ ታቀኚዋለሽ?" እናቴ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

ያን ጊዜ ለይላ ከኋላዬ ተናገረች። ልጅቷ ቁጡ አይደለችም፤ ስትናደድም ድምፅዋ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም።

"እኔ መውጣት ካልቻልኩ አንቺ ሂጂና ለሁሴን ንገሪው" አለችኝ። "ከሸሸም አሁን ይሽሽ።"

ወደ ጎብዬ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ እስክንደርስ የምለውን በልቤ ስደጋግም ነበር። ቁጣ ነው ያስነሣኝ፤ መንገድ ላይ ግን ፍርሃት ተተካ። ይህ ልጅ አይሆንም ካለ ሰርጉ ፈረሰ፣ እኅቴም በቆቦ በጎብዬ የሰው አፍ ውስጥ ገባች፣ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ሁሴንን ዎርክሾፑ ውስጥ የተፈታ ፓምፕ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ቁጭ በዪ እስኪለኝ አልጠበቅሁም፣ ወግም አላበዛሁም። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ የበሽታውን ስም ነገርኩት፤ የለይላን ምልክት ነገርኩት። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ። ግራሶው ለቆም መጥረጉን አላቆመም።

"ይድናል ወይ?" አለ በመጨረሻ።

"ይድናል። ቶሎ ከተጀመረ እንደኔም አያደርግም።"

"ታዲያ ቤት ምን ትሠራለች?"

አብረን ተመለስን። ቆቦ ወርደን ባጃጅ ያዘና እስከ በራችን መጣ። እናቴን በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ ለይላን ጤና ጣቢያ ላደርሳት መጥቻለሁ አላት። እናቴ ከበሩ ዞር አለች። የኔ የታጠፈ ጣት ያልከፈተውን በር የአንድ ሙሽራ ቃል ከፈተው። ደስ ሊለኝ ሲገባ በንዴት አለቀስኩ። ሁሴን ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔና ለይላ ከኋላ። ሙሽራና ሙሽሪት አብረው መታየታቸው ሌላ ጉድ ነው፤ በዚያች ከተማ የሚያየን ሁሉ አየን።

ይበልጣል ለይላን በጥጡ መረመራት፣ ነርቮቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ነርቮቿ አላበጡም፣ ጣቶቿ ሙሉ ጉልበት አላቸው። የስድስት ወር መድኃኒት በቂዋ ነበር። ሁሴንን እዚያው፣ እናቴን ደግሞ በሌላ ቀን አያቸው፤ ምንም አልነበረባቸውም። ቦርሳዋን ቤት ስመለስ ግማሽ ድረስ ፈታኋት። ለለይላ በየአራት ሳምንቱ የሚሰጣት የመድኃኒት እሽግ አይገባባትምና ጎኗን አስፍቼ፣ ውስጧን በነጠላ ቁራጭ ገበር አድርጌ እንደገና ሠራኋት። ኒካው በቀኑ ታሰረ። ለይላ በሰርጓ ቀን ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ ዋለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሰው ፊት ከፍታ የዕለቱን ፍሬ በውኃ ዋጠች። እናቴ ያን ጊዜ ፊቷን አዞረች። ውኃውን ያቀበላት ሁሴን ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተነዛ። መምህራን የሚያርፉበት ክፍል የኔ ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። የለየው የሳይንስ መምህሩ ነው፤ ስለ ተሕዋስ ለልጆች የሚያስተምረው ራሱ። ብርጭቆዬን አንሥቼ ከሌሎቹ መሀል ቀላቀልኩት። በማግሥቱ ለየው፤ እኔም ቀላቀልኩት። እሱ እስኪሰለቸው ድረስ እንዲሁ ቆየን። ወላሂ ከመድኃኒቱ ይልቅ ያ ብርጭቆ አድክሞኛል።

አሁን ለናንተ፣ ይህ ሕመም በቤታችሁ ለገባ። ቆዳችሁ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካለና ሲነካ የማይሰማችሁ ከሆነ ቋቁቻ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ያያችሁ ሐኪም ካልነካችሁ፣ ይንኩኝ በሉት። ጣታችሁ ሲደነዝዝ በሥራችሁ አታሳብቡ። መድኃኒቱ መሀል ላይ ቢብስባችሁ ሩጡ፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪም። የማይሰማችሁን እጅና እግር በየቀኑ በዓይናችሁ እዩት። ከሁሉም በላይ አብረዋችሁ የሚኖሩትን አስመርምሩ፤ ሰርግም ቢኖር፣ ለቅሶም ቢኖር። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ይበልጣልን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሳላመሰግነው ቀረሁ፤ ይህን ካነበበ ምስጋናዬ ይድረሰው። ሁሴንን አመሰግነዋለሁ። እናቴንም አመሰግናታለሁ፤ የቀለበት ጣቴን ያቀናችው በገዛ መዳፏ ነው። ስለዚያች በር ግን ይቅር አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም፤ እንዲሁ እየተዋደድን እንኖራለን።

ለይላ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። ሳያት መጀመሪያ የማየው ፊቷን አይደለም፣ እጇን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዐሥሩም ጣቶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዘመድ ጎረቤቱ ሰዓዳ ቁጡ ሆነሻል፣ ንዴትሽን አብርጂ ይለኛል። የእኅቴን ጣቶች እቆጥርና ዝም እላለሁ። አላበርድም።